ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? የእንጦጦ ዳገትና የሞተር ምርጫ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቶ፣ ጭነት ይዞ፣ በኮረኮንችና በጭቃ ወደ እንጦጦ ሸንተረር ለሚወጣ መኪና የሚሻለው የትኛው ሞተር ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የአንድ ቤተሰብ ጥሪት የሚፈስበት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ገዢው የሚያማርጠው በአብዛኛው ካገለገሉ መኪኖች መካከል በመሆኑ፣ ምርጫውን በስማ በለው ሳይሆን በፊዚክስ ሚዛን መመዘን ይገባል እንላለን።

እሳቱ ከየት ይመጣል?

ኒኮላስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 በሠራው ሞተር መርህ የሚሠራው የቤንዚን ሞተር የአየርና የቤንዚን ድብልቅን ያምቅና በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ለፍሬ ያበቃው ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ አምቆ፣ በእመቃው በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ይረጫል። የቤንዚን ሞተር በተለምዶ ከ8 እስከ 11 እጥፍ ሲያምቅ፣ የናፍጣው ከ16 እስከ 22 እጥፍ ያምቃል። 27 ዲግሪ ሴልሽየስ የሆነ አየር ሙቀት ሳያባክን 20 እጥፍ ቢታመቅ ወደ 720 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ቤንዚን ይህን ያህል ቢታመቅ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን ይጎዳል። እመቃው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ ይጨምራል። የናፍጣ ቁጠባ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

የዳገቱ ሒሳብ

ከነጭነቱ 5,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ2,500 ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል እንበል። ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 24.5 ሜጋ ጁል ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር 25 በመቶ፣ የናፍጣው 35 በመቶ ብቃት አላቸው ብለን ብንነሣ፣ ሊትር ቤንዚን 32፣ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ያህል ስለሚይዝ፣ ፍጆታው 3.1 ሊትር ቤንዚን ወይም 1.9 ሊትር ናፍጣ ይሆናል። የጎማና የአየር ሰበቃ ሲታከልበት ሁለቱም ይጨምራሉ። በየዕለቱ ለሚመላለስ ባለንብረት ልዩነቱ የዋዛ አይደለም።

ከፍታ ለማንም አያዳላም

በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፤ በ3,200 ሜትር ወደ 68 በመቶ ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ ሲሊንደሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ሁለቱም ሞተሮች ይደክማሉ። ከፍታን የማያውቅ አሮጌ የናፍጣ ፖምፓ የተለመደውን መጠን መርጨቱን ይቀጥላል፤ ያልተቃጠለውም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭሱን የሚተነፍሰው በመንገዱ ዳር ሸክም ተሸክሞ የሚጓዘው እግረኛ ነው። ስለዚህ ናፍጣ የመረጠ ሰው አየሩን ጨቁኖ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ ቱርቦ ያለውን ይፈልግ።

ጭቃ፣ ውኃና ቁልቁለት

የናፍጣ ሞተር ከፍተኛውን የማዞር ጉልበት በዝቅተኛ ዙር ስለሚሰጥ በጭቃ ውስጥ በዝግታ ለመሳብ ይመቻል። ብልጭታ ስለማያሻውም እርጥበት በቀላሉ አያጠፋውም። ሆኖም ውኃ በአየር መሳቢያው ከገባ፣ ውኃ ስለማይታመቅ፣ ማንኛውም ሞተር ይሰበራል። ናፍጣው ራሱ ውኃ ወይም አቧራ ከተቀላቀለበትም የረቀቁት የኢንጀክተር ቀዳዳዎች ይበላሻሉ፤ ጥገናውም ውድ ነው።

ሲወርድ ያ 24.5 ሜጋ ጁል ይመለሳል። ይህ ኢነርጂ ከ80 ሊትር የሚበልጥ ውኃን ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ማሞቅ ይችላል። ሁሉም በፍሬን ላይ ቢወድቅ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቅተዋል። የቤንዚን ሞተር የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር በሩ ስለሚዘጋ መኪናውን ይገታል፤ በተለመደው የናፍጣ ሞተር ይህ በር ስለሌለ መግታቱ ይደክማል። ብዙ የናፍጣ ጭነት መኪኖች የጭስ ማውጫ ፍሬን የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው። በየትኛውም ሞተር ቢሆን በከባድ ማርሽ መውረድ ግዴታ ነው፤ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ማጠቃለያ

ከባድ ጭነት ይዞ ዘወትር ዳገት ለሚወጣ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ይመረጣል፤ ይህም ነዳጁን የሚያጣራና አገልግሎቱን በጊዜው የሚያደርግ ከሆነ ነው። ቀላል ጭነት ይዞ አልፎ አልፎ ለሚወጣ ግን ሞተሩ የሚቀልለውና ጥገናው የማይከብደው ቤንዚን ይበቃዋል። ከመግዛት በፊት መኪናውን ጭኖ ዳገቱን መውጣት፣ ጭሱን መመልከት፣ ሲወርዱም ፍሬኑን መፈተሽ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።