ምርጫችሁን ከመሙላታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት ቤት ውስጥም ሰፈር ውስጥም የሚነሳው ክርክር አንድ ነው፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል? ጎንደር ወይስ ጅማ? ሐዋሳ ወይስ ባሕር ዳር? እኔ ግን ጥያቄው ያለቦታው የገባ ይመስለኛል። ተመርቃችሁ ሥራ ስትፈልጉ መጀመሪያ የምትጠየቁት ምን እንደተማራችሁ ነው። እሱን ደግሞ በአብዛኛው የሚወስነው ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣው ምደባ ሳይሆን ግቢ ከገባችሁ በኋላ የሚደረገው የዲፓርትመንት ድልድል ነው።

በቅድሚያ በየት በኩል እንደምትገቡ እወቁ። በመደበኛው መንገድ ለመግባት በሀገር አቀፉ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። ይህን ያመጡት በ2016 ከተፈታኞቹ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ በታች ሆኖ የሪሚዲያል መቁረጫ ነጥብ የደረሰለት ተማሪ ለወራት ተምሮ እንደገና ይፈተናል፤ 70 በመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና፣ 30 በመቶው በተቋሙ ምዘና ይያዛል። ሪሚዲያልን እንደ ውድቀት ቆጥሮ የሚተው ተማሪ በራሱ ላይ በር ይዘጋል።

የራሳቸው ፈተና ያላቸውም አሉ። ራስ ገዝ በመሆን የመጀመሪያው የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቅድመ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይሰጣል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን ለብቻ ፈትነው ይቀበላሉ። እነዚህ ምዝገባቸው የተለየ ስለሆነ ቀኑን ራሳችሁ ተከታተሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ ሁሉ የሚጀምረው በፍሬሽማን የጋራ ኮርሶች ነው። ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከዚያ በኋላ፣ የፍሬሽማን ጂፒኤንና የ12ኛ ክፍል ውጤትን አንድ ላይ በመመዘን ነው። የሁለቱ ክብደት ግን ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ስለዚህ በሀገር አቀፉ ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ያለው ልጅ ለጂፒኤ ብዙ የሚሰጥ ግቢ ከገባና በመጀመሪያው ሴሚስተር ከተዘናጋ፣ ከእሱ ያነሰ ውጤት ይዞ የገባ ልጅ ሊቀድመው ይችላል።

ይህን ከብሮሹር አታገኙትም፤ እዚያው የሚማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ ጠይቁ። አምና የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ስንት ተማሪ ተቀበለ? የመጨረሻው የገባው በስንት ጂፒኤ ነው? ሕክምና የምታስቡ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤትና የራሱ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው ወይ? ሁሉም የለውም። በዚያው የዲፓርትመንት መምረጫ ቅጹ ምን እንደሚመስል ያሳያችሁ። ረጅም ዝርዝር ነው፤ ብዙው ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ምርጫዎች አስቦበት ይሞላና የቀረውን እንደመጣለት ይደረድረዋል። በኋላ “ያልመረጥኩት ደረሰኝ” እያለ የሚያዝነው ልጅ ብዙ ጊዜ የደረሰው ራሱ በአሥራ ምናምነኛ ተራ የጻፈው ነው።

“የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው” የሚለው ወሬም አያደናግራችሁ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ሐሮማያና አርባ ምንጭ በዚህ ምድብ ውስጥ ናቸው፤ ምድቡ ግን የተቋሙን ተልእኮ እንጂ የእናንተን ክፍል አያሳይም። ለዚህ የተሻለው መለኪያ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ለመመረቅ በዚህ ፈተና 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ስትጠይቁ የዩኒቨርሲቲውን አጠቃላይ ውጤት ሳይሆን የምትፈልጉትን ዲፓርትመንት የማለፍ ምጣኔ ጠይቁ።

ዓመቱንና ወጪውንም አስሉ። ብዙው ትምህርት አራት ዓመት ነው፤ ኢንጂነሪንግና ሕግ አምስት፣ ሕክምና ከዚያም ይረዝማል (ሐኪም የምትፈልግ አክስት በየቤቱ አትጠፋም፤ ዓመቱን የምትቆጥሩት ግን እናንተ ናችሁ)። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የምትፈርሙት የወጪ መጋራት ውል የምግብንና የመኝታን ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን የሚያካትት ዕዳ ነው። ሥራ ስትይዙ በየወሩ ቢያንስ ከገቢያችሁ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል።

የግል ኮሌጅ ለምትመርጡ አንድ ነገር ብቻ፦ ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ካምፓስ ነው። አንዱ ካምፓስ በአካውንቲንግ ዕውቅና አለው ማለት ሌላው ካምፓስ በነርሲንግ አለው ማለት አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ።

ምደባው ከወጣ በኋላ በዝውውር አስተካክለዋለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ እንደ ጤና ያለ በማስረጃ የተደገፈ ምክንያት ከሌለ መንገዱ ጠባብ ነው። ስለዚህ ቅጹን ራሳችሁ ሙሉ። ኢንተርኔት ቤት ከሆናችሁም የሚሞላላችሁ ልጅ ተራውን እንዳያዛባ አጠገቡ ሆናችሁ ተመልከቱ። ከላካችሁ በኋላ የተመዘገበውን ዝርዝር ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ የይለፍ ቃላችሁም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ እንዳይቀር።