ከመፈረምሽ በፊት

ልጄ፣ ወንድሜን፣ አባትሽን፣ ከቀበርን ወር አልሞላም፤ የአዲስ አበባው ቤት ወሬ ግን አዲ አርቃይ ድረስ መጥቷል። ወንድሞችሽ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገብ ሊከፍቱ ነው አሉ። እንግዲህ ስሚኝ።

1. ሸሪዓን አትፍሪው። እኔ የአባቴን ውርስ ቃዲ ፊት ነው የተካፈልኩት። አባትሽ ሁለት እጅ፣ እኔ አንድ እጅ ወስደን ተመራርቀን ወጣን። መደበኛው ፍርድ ቤት ሴትና ወንድ ልጅን እኩል እንደሚያወርስ አውቅ ነበር፤ አውቄ መረጥኩ። አንቺም የምትመርጪውን አውቀሽ ምረጪ።

2. ቃዲዎቻችን ከ1936ቱ አዋጅ ወዲህ በመንግሥት ታውቀው ይፈርዳሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ግን የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው ይላል። ያንቺም ፈቃድ ይጠየቃል።

3. መጥሪያ ሲደርስሽ ዝም አትበዪ። አንዲት የአዲስ አበባ ወዳጄ መጥሪያዋን ረከቦት ሥር ወሽቃ ቀረች። «ካልሄድኩ አልፈቀድኩም ማለት አይደል?» አለችኝ። ወረቀቱን ሳወጣው ቡና ፈሶበት ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ቀጠሮው ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት የቀረ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። አሁንም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። የማትፈቅጂ ከሆነ ሄደሽ አልፈቅድም በዪ፤ መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይዛወራል። ከፈቀድሽ በኋላ ግን መመለስ የለም።

4. ከመነሻው «አንፈቅድም» ብለው ሸሪዓ ፍርድ ቤት የፈረደባቸው የአዲስ አበባ ወራሾች ነበሩ። ሰበር ድረስ ሄደው ተሸነፉ። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ፍርዱን ሻረላቸው።

5. የጠለምት ቤተ እስራኤሎች እዚህ ሳሉ ትዳርና ፍቺን በሽማግሌና በቄሶቻቸው ይጨርሱ ነበር። እስራኤል ሲገቡ ጠበቃቸው የረቢዎቹ ፍርድ ቤት ነው፤ በፈረንጆች 1953 የወጣው ሕግ የአይሁድን ጋብቻና ፍቺ ለእሱ ብቻ ሰጥቶታል። ትፈቅጃለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንቺን ግን የሚጠይቅሽ አለ።

6. «ዲኗን ካደች» ቢሉሽ አትደንግጪ፤ ከወንድሞችሽም አትጣዪ። የቀጠሮው ቀን ሲታወቅ ደውይልኝ። ሊማሊሞን ወጥቼ፣ ጎንደር አድሬ እመጣለሁ፤ ችሎቱ ውስጥ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።