ስለ ጅብራ፥ ምድር ስትሞቅ የሚኖርበት ስፍራ በሒሳብ እንዴት እንደሚታወቅ

ከጣርማ በር በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በላይ የደረበውን ጋቢ በታች ያወልቀዋል። በላይ ገብስ፥ በታች ማሽላ ያያል። ምክንያቱም ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራልና ነው። እንግዲህ ተራራ እንደ መሰላል ነው፤ ተክልም ሁሉ የየራሱ እርከን አለው።

ጅብራ (ጅባራም የሚሉት አሉ) እርከኑ የመጨረሻው ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በመንዝ ጓሳና ይህን በመሰለ ውርጫም ስፍራ ይበቅላል። ብዙ ዘመን ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘሩን በትኖም ይሞታል።

ሊቃውንት ወደ ፊት የሚኖርበትን ስፍራ ለማወቅ እንዲህ ያደርጋሉ። አስቀድሞ ተክሉ የተገኘበትን ቦታ ሁሉ ይመዘግባሉ፤ የያንዳንዱን ቦታ ሙቀትና ዝናም ከጎኑ ይጽፋሉ። ኮምፒዩተርም ይህን አመሳክሮ ተክሉ የሚወደው ምን ያህል ብርድ፥ ምን ያህል እርጥበት እንደ ሆነ ያወጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዘመን ሙቀት ተጨምሮ ካርታው እንደ ገና ይሣላል። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት ሙቀቱ እንደ ተገመተው ከጨመረ፥ በ2080 ለጅብራ የሚስማማው ስፍራ ዛሬ ካለው ከመቶ 4 እጅ እንኳ እንደማይሞላ አሳይቷል።

ይህን ያህል ማነሱ ሊያስደንቅ አይገባም። ሙቀት 2 ዲግሪ ቢጨምር እርከኑ ሁሉ 330 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሸሻል። ገብስ ወደ ጅብራ ስፍራ ይወጣል፤ ጅብራ ግን ከጓሳ ራስ ላይ ወዴት ይወጣል? ተራራም ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ወደ ጮቄ እንዳይሻገር የዓባይ በረሓ በመካከል አለ፤ ያ ደቃቅ ዘር ይህን አይዘልም።

ነገር ግን ሒሳቡ ትንቢት አይደለም። የሚቈጥረው ሙቀትንና ዝናምን ነው እንጂ ሞፈርና ምሳር አይታዩትም፤ መዝገቡ ከተሳሳተም ካርታው አብሮ ይሳሳታል።

መምህሩ ለተማሪዎች ማስረዳት ቢፈልግ፥ በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት ሁለት ሰዎች፥ አንዱ በደብረ ሲና ገበያ አንዱ በጣርማ በር፥ በጥላ ሥር ሆነው በቴርሞሜትር ሙቀቱን ይለኩ። ልዩነቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ገብስ በ2 ዲግሪ ሙቀት ከየት እስከ የት እንደሚወጣም ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉ።