ዳገትና ብስክሌት

ከሚሴ ስናስተምር አንድ ጊዜ ደብተርና ጠመኔ አለቀብን። ተማሪዎቻችን ሰኞ ይጠብቁናል። ስለዚህ ሁለታችን ቅዳሜ ማለዳ በብስክሌት ወደ ደሴ ተነሳን።

በሐርቡ አድርገን እስከ ኮምቦልቻ ደህና ሄድን። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። እንግዲህ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ መንገዱ ያጥራል፤ ከፍታው ግን ይብሳል።

ሐረጎ ዳገት ስንደርስ ወጣትነታችን አታለለን። እየተሽቀዳደምን ወጣን። ብዙም ሳንርቅ ጉልበታችን ራደ፤ ትንፋሻችን ተቆራረጠ። ከመንገዱ ዳር ተዘረርን። አንድ አዛውንት የተጫነች አህያ እየነዱ ደረሱብን።

«ምነው ልጆቼ?» አሉን።

«አባባ፣ ዳገቱ አሸነፈን» አልናቸው።

«ያሸነፋችሁ ዳገቱ አይደለም፤ ጥድፊያው ነው። አህያዋን እዩዋት። ጭነት ይዛ ሽቅብ ቀጥ ብላ ትወጣለች እንዴ? ወዲያና ወዲህ እያለች ነው የምትወጣው» አሉን።

እውነታቸውን ነው። የመኪና መንገድም ተራራ ላይ የሚጠማዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። መንገዱ ሲጠማዘዝ ይረዝማል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ የምንወጣው ከፍታ ያንሳል። ማርሽ ያለው ብስክሌትም እንደዚሁ ነው። ካቴናው በኋላው ጎማ ትልቁ ጥርሳም ክብ ላይ ሲውል ፔዳሉ ይቀላል፤ ግን ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ሸክሙ አልቀነሰም፤ ተከፋፈለ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ቀስ ብለን ነዳን። ሲከብደን ወርደን ገፋን። ሳይጠማን ውሃ ተጎነጨን። ሲመሽ ደሴ ገባን።

እሑድ ስንመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ሌላ ፈተና ሆነብን። ቁልቁለት አያደክምም፤ ግን ይገድላል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ፍሬንን መመርመር፣ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ ማድረግ፣ ለጭነት መኪና ቀኝ ዳርን መያዝ ያስፈልጋል።

የአገራችን ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ያ ውድድር ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ረጃጅም ተራሮችንም ያቋርጣል። እዚያም ቢሆን የተራራው መንገድ የሚጨረሰው ጉልበትን ቆጥቦ ነው።

ሰኞ ተማሪዎቻችን ደብተር አገኙ። ረጅም ጽሑፍ ማንበብም ዳገት ነው። ዛሬ አንድ አንቀጽ፣ ነገ አንድ አንቀጽ እያልን ከወጣነው ጫፉ ላይ እንደርሳለን።

ጥያቄዎች
1. አስተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ለምን ደከሙ?
2. የተራራ መንገድ ለምን ይጠማዘዛል?
3. በሰፈራችሁ ያለውን ዳገት ጭነት ይዛችሁ እንዴት ትወጡታላችሁ? በሦስት መስመር ጻፉ።