ጎታችና ተጎታች

ጥያቄ፦ ከኮልፌ ወርጄ ጦር ኃይሎች ቀላል ባቡር ስሳፈር ጎታች ሞተር አላይም። ከፉሪ ለቡ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ግን ፊቱ ላይ ሎኮሞቲቭ አለው። ልዩነቱ ለምን መጣ?

መልስ፦ በሚቀጥለው ጊዜ ጦር ኃይሎች ሲደርሱ ሹፌሩን ልብ ብለው ይዩት። ከአንዱ ጫፍ ወርዶ በሌላኛው ይገባና ባቡሩ ሳይዞር ይመለሳል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሞተሩ ከወለሉ በታች መንኮራኩሮቹ አጠገብ ነው፤ ጣቢያዎቹ ስለሚቀራረቡ ቶሎ መነሳትና ቶሎ መቆም አለበት፤ ለዚህም ይህ አቀማመጥ ይመቸዋል።

ጅቡቲ የሚዘልቀው መስመር ሌላ ጉዳይ ነው። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኤሌክትሪኩ 25 ሺህ ቮልት ነው፤ ዋና እንጀራውም ጭነት እንጂ ሰው አይደለም። ሎኮሞቲቭ ደግሞ የሚጎትተውን አይመርጥም፦ ዛሬ መንገደኛ፣ ነገ ኮንቴይነር። መንገደኛ ሲበዛ ፉርጎ ይቀጠላል፣ ሲያንስ ይፈታል። ሞተሩ ሲታመም እሱ ብቻ ጋራዥ ይገባል፤ ፉርጎዎቹ በሌላ ይሳባሉ። መብራት ቢጠፋ እንኳ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ መጥቶ ሊጎትታቸው ይችላል።

ዕዳው መጨረሻ ጣቢያ ላይ ይታያል። ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ፣ በጎን ሐዲድ ዞሮ፣ በሌላው ጫፍ መታሰር አለበት፤ ለዚህም ትርፍ ሐዲድና ሠራተኛ ይፈልጋል።

በድሮው የለገሃር መስመር የሄዱ አዛውንት ሊቶሪና የምትባለውን ባቡር ያስታውሱ ይሆናል፤ ሞተሯን በሆዷ ይዛ የምትከንፈውን። እንደኔ፣ እስከ አዳማ ላለ አጭር ጉዞ የሚሻለው የእሷ ዓይነት ነው፤ ለድሬዳዋ ግን ሎኮሞቲቩን አልለውጠውም።