ገንዘቡን ለምን መለሰብኝ?

«ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፤ የምጽፍልዎት ከይጁቤ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንድ ማሲንቆ መቺ ጋር በየሰርጉና በየክርስትናው ስንሠራ ኖረናል። እሱ ይመታል፣ ግጥሙን በጆሮዬ ያቀብለኛል፣ እኔ እዘፍናለሁ። ክፉ እንዳያስቡብኝ፣ እሱም ባለትዳር ነው፣ እኔም። ኅዳር ሚካኤል ማግስት ከአንድ ክርስትና ስንመለስ የተሳፈርንበት ባጃጅ ተገለበጠ። እኔ ጉልበቴ ቢላጥ ነው፤ የእሱ ግራ እጅ ግን ከብረቱ ሥር ገባ። (ስላጥወለወለኝ ቦታ ቀይረን ነበር።) ወጌሻ ጋ ሄደ፣ ኋላም ሐኪም ቤት፤ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ አልታጠፍ አሉ። ሁለት ወር ጠበቅሁት። ልጆች አሉኝ፣ ኪራይም አለብኝ። ጥር ሲጋመስ ከማርቆስ ከመጣ ሌላ ማሲንቆ መቺ ጋር ጀመርሁ፤ ካገኘሁት ሲሶውን በልጅ እልክለታለሁ። ሦስት ጊዜ ተቀበለ፣ በአራተኛው መለሰው። ‹በቁሜ ተዝካሬን አወጣችልኝ› ብሏል አሉ። የእሱን ግጥሞች ስዘፍን ሰው እልል ይላል፣ እኔ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ። ከዳተኛ ነኝ?»

እህቴ፣ ከዳተኛ አይደለሽም። የድግስ ሥራ ወቅት አለው። ጥር ካመለጠሽና ሁዳዴ ከገባ እስከ ዳግም ትንሣኤ ማን ይጠራሻል? ይህን ልቀቂው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው የቆረቆረኝ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጣቱ። ማሲንቆ ያለው አንድ ጭራ ነው። ያልተነካው ጭራ አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ አራቱ የግራ እጅ ጣቶች አራት፤ አምስት ሆኑ። ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም የሚቃኙት በአምስት ድምፅ ነው። እንግዲህ ለሱ ሁለት ጣት ማጣት ለእኔና ለአንቺ እንደሚሆነው አይደለም፤ ቅኝቱ ራሱ ጎደለበት። አጽናኝ ነኝ ባይ እየመጣ «ጥላሁን ገሠሠ እንኳ በ1985 ዓ.ም. ፋሲካ አንገቱ በስለት ተጎድቶ ተመልሶ ዘፍኗል፤ ጃንጎ ራይንሃርት የሚሉትም ጊታሪስት በ1928 እ.ኤ.አ. ግራ እጁን እሳት ጎድቶት በሁለት ጣት ተጫውቷል» ይለው ይሆናል። እውነት ነው። ጊታር ግን ስድስት ክር አለው፤ ጉሮሮም ጣት አይደለም። አንቺ እንዲህ ያለ ማጽናኛ ይዘሽ ደጁን አትርገጪ። ይልቅ ፊዚዮቴራፒ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቂው፤ ታስሮ የከረመ ጣት ካላሠሩት ደርቆ ይቀራል።

ደግሞ ያቺ ቅንፍ። ቦታ መቀየራችሁን በቅንፍ ውስጥ ጣል አድርገሽ አለፍሽ። ለእኔ ደብዳቤው ሁሉ የተጻፈው ለሷ ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱን ስንት ጊዜ ረገጥሽው? አልጻፍሽም። ገንዘቡ በልጅ ሄደ፣ መልሱ በሰው አፍ መጣ፤ «ብሏል አሉ» ነው ያልሽኝ። ስምንት ዓመት በጆሮሽ ሲያንሾካሹክ የኖረ ሰው ዛሬ የሚደርስሽ በወሬ ነው።

ሲሶውንስ ስትልኪለት ስሙን ምን አልሽው? እርዳታ ብለሽው ከሆነ ተሳስተሻል። የሱን ግጥም ዘፍነሽ የተከፈለሽ ቀን እሱም ሠርቶ ውሏል እኮ! ድርሻው እንደ ምጽዋት በልጅ ሲደርሰው ተዝካር ቢለው አይፈረድበትም። የቅኔ ቤቶቹ ዲማና ዋሸራ ባሉበት አገር ተወልዶ የስንኝ ባለቤትነት የማይገባው ሰው የለም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ድርሰትን የሚጠብቀው ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ነው፤ ድንኳን ውስጥ በጆሮ የተባለ ስንኝ ግን ማስረጃ የለውም።

ስለዚህ ከዳግም ትንሣኤ በፊት ሂጂ። ገንዘብ አትያዢ፤ ደብተር ያዢ። ሚስቱ ባለችበት፣ ቡና ላይ፣ መጀመሪያ የቦታውን ነገር አንሺው። «ቦታ ያስቀየርኩህ እኔ ነኝ» በይና ዝም በይ፤ ይቅርታውን አታስረዝሚው፣ ሲረዝም ተመልሶ እሱን አጽናኝ ያደርገዋል። ከዚያ ስለ ሥራ አውሪ። ለፋሲካ ሰርግ አዲስ ግጥም እንደሚያስፈልግሽ፣ የቆዩትም የሱ እንደሆኑ፣ ሲሶው የግጥሙ ዋጋ እንደሆነ ንገሪው። እሱ ይበል፣ አንቺ ጻፊ።

ሊያባርርሽ ይችላል። የአዲሱን ሰው ስም መስማት ላይፈልግ ይችላል። ግጥሞቼን አትንኪ ካለሽ አትንኪያቸው፤ ሰው እልል የሚለው በነሱ ስለሆነ ኪስሽን እንደሚጎዳው አውቃለሁ። ከማርቆስ የመጣው ልጅም የራሱ ግጥም ይኖረው ይሆናል። ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?