መንጠቆ ላይ የወጣ ያልተፈለገ ዓሣ፦ ይገደል ወይስ ይለቀቅ?

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ሐዋሳ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ማለዳ ከአጎቴ ጋር ሐይቁ ዳር ወርደን ነበር። አጎቴ ዓሣ ነጋዴ አይደሉም። ከሥራ ሲያርፉ መንጠቆ ይዘው መቀመጥ ይወዳሉ እንጂ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሲጠብቁ አምባዛ ወጣላቸው። ፊታቸውን አጨፍግገው ከመንጠቆው አላቀቁትና ከኋላቸው ሣሩ ላይ ወረወሩት።

«ጋሼ፣ ለምን አይመልሱትም?» አልኳቸው።

«መልሼ የቆሮሶ ጫጩት ላስበላ? ተወው ባክህ፣ ራሱ ይሞታል» አሉኝ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተን ለመሄድ ስንነሣ አምባዛው ገና አፉን ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ይህችን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ያ «ራሱ ይሞታል» የሚለው ንግግር ነው።

ለመሆኑ ያልተፈለገ ዓሣ ማለት ምን ማለት ነው? በሦስት ከፍለን ልናየው እንችላለን። የመጀመሪያው ገና ያልደረሰ፣ ለምግብ የማይበቃ ትንሽ ዓሣ ነው። ሁለተኛው የአገሩ ተወላጅ ሆኖ ሳለ ሰው የማይበላው ወይም ገበያ የማያወጣ ነው። አምባዛን ብዙ ምእመናን የማይበሉት ቅርፊት ስለሌለው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከውሃ እንስሳት የሚበሉት ክንፍና ቅርፊት ያላቸው ናቸው ተብሎ ተጽፏልና። ሦስተኛው ከሌላ አገር መጥቶ ውሃው ውስጥ የገባ እንግዳ ዓሣ ነው። እንግዲህ ለሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ስህተት ላይ ይጥላል።

ከትንሹ እንጀምር። ትንሽ ዓሣ መለቀቅ እንዳለበት ብዙ ሰው ይስማማል፤ ነገ አድጎ ይራባልና። እንቁላል የያዘች ቆሮሶም እንዲሁ ናት። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሎቿን የምታቅፈው በአፏ ውስጥ ነው። ተፈልፍለውም ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ አደጋ ሲመጣ አፏ ውስጥ ይደበቃሉ። ስለዚህ በዚያን ወቅት አንዲት ሴት ቆሮሶ ተያዘች ማለት የተያዘችው ብቻዋን አይደለም።

ወደ አምባዛው ስንመጣ የአጎቴ ክርክር መልክ አለው። አምባዛ የቆሮሶ ጫጩት ይበላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ዓሦች በሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አብረው የኖሩት ማንም መንጠቆ ሳይጥል ጀምሮ ነው። እንዲያውም በኩሬ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ከቆሮሶ ጋር አምባዛ ሆን ብለው ይጨምራሉ። ምክንያቱም ቆሮሶ ያለ ልክ ሲራባ ምግብ ያጥረውና ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። አምባዛው ጫጩቱን ሲቀንስ የተረፈው ይወፍራል። ስለዚህ አምባዛን ጠላት ነው ብሎ መግደል ሚዛኑን የጠበቀውን ዘበኛ እንደ ማባረር ነው።

እንግዳ ዓሣ ግን ሌላ ነገር ነው። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት እኛ የምንሳሳለት ቲላፒያ ከውጭ የገባ ተባይ ተብሎ ተመድቧል። እዚያ ቲላፒያ ያጠመደ ሰው ወደ ውሃው ሊመልሰው አይፈቀድለትም። ወዲያው ገድሎ ከውሃው ማራቅ አለበት። ለምን ቢሉ እናቲቱ ሞታም ቢሆን አፏ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች ሊተርፉ ስለሚችሉ ነው። በእኛም አገር ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ያለው ካርፕ ከውጭ የመጣ ነው። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ጭቃ እየቆፈረ በመሆኑ ውሃ ያደፈርሳል። ሆኖም ካርፕ የሚበላና የሚሸጥ ስለሆነ እሱን ይዞ ወደ ቤት መሄድ እንጂ መመለሱም ሆነ መጣሉ ትርፍ የለውም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «በቃ፣ የአገሩን ዓሣ ሁሉ እንልቀቅ» የሚል ይኖራል። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በደረቅ እጅ የተጨበጠ ዓሣ ገላውን ከበሽታ የሚጠብቀው ልጋግ ይገፈፋል። ስለዚህ እጅን አስቀድሞ ማራስ ነው። መንጠቆውን ውጦት ከሆነ ሆዱን እየጎተቱ ከመቅደድ ሲባጎውን አፉ ጋ ቆርጦ መልቀቁ ይሻላል። በስንጥቡ (በመተንፈሻው) ማንጠልጠልም ሆነ ለፎቶ ብሎ አየር ላይ ማቆየት አይገባም። ስንጥቡ ተቀድዶ የሚደማን ዓሣ ግን ለቅቄዋለሁ ብሎ ኅሊናን ማሳረፍ ራስን ማታለል ነው፤ እሱ ቢገደል ይሻለዋል።

ደግሞም መልቀቅ ሁልጊዜ ርኅራኄ ነው ማለት አይደለም። ስዊዘርላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ አስቀድሞ ለመልቀቅ አስቦ ዓሣ ማጥመድን ከልክላለች። ለመዝናኛ ብቻ እንስሳን ማሠቃየት ተገቢ አይደለም ከሚል አስተሳሰብ የመጣ ነው። በእኔ አመለካከት ይህ ክልከላ እኛ ዘንድ ቢመጣ ለእራቱ የሚያጠምደውን ሰው አይነካውም። ጥያቄው ግን እኛንም ይመለከታል፦ የማትፈልገው ዓሣ ደጋግሞ የሚወጣልህ ከሆነ ቦታህን ወይም የመንጠቆህን መጠን ለምን አትለውጥም?

አሁን ወደዚያ ሣር ልመለስ። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል አለው። ገላው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውሃ ውጭ ለሰዓታት ይቆያል። ስለዚህ «ራሱ ይሞታል» የሚለው አነጋገር ከዓሣ ሁሉ በእሱ ላይ የከፋ ነው። መግደል ከተወሰነ ከዓይኖቹ ኋላ አናቱን በዱላ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው። መልቀቅ ከተወሰነም ወዲያው ነው። ሣር ላይ መተው ግን መግደልም መልቀቅም አይደለም፤ ውሳኔውን ለፀሐይ መስጠት ነው።

ይህን ለአጎቴ በስልክ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «እሺ፣ እመልሰዋለሁ። ቆሮሶዬን ከጨረሰብኝ ግን የምትከፍለው አንተ ነህ» አሉኝ። እኔም ተስማምቻለሁ።